ምስጋና ለቀበቶ አሻሻዮች

ክረምት ሊገባ ነው። ዛፍ የሚቆረጥበት ሰሞን መጣ። ሽቦ ላይ የተደገፈው፣ ጣራ ላይ ያዘመመው፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጣላበት ባሕር ዛፍ ሁሉ ዝናቡ ሳይጀምር መውረድ አለበት። እኛም ሰፈር ባለፈው ሳምንት አንድ ቆራጭ ቀበቶውን ይዞ መጣ። ቀበቶውን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በአድናቆት ነው።

ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። በሕንፃ ሥራ አጠገብ ያለፈ፣ ዛፍ ያስቆረጠ፣ ማስታወቂያ ሲሰቀል ቀና ብሎ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሴፍቲ ቤልት፤ ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው እንዳይወድቅ የሚታጠቀው። ፋብሪካ ጀምሮ የተወውን የኛ ሰው የጨረሰው ዕቃ።

ፋብሪካዎቹን አልንቅም። ምስኪኖች፣ የሚችሉትን ያደርጋሉ። በአውሮፓ ደረጃ እንዲህ ያለ ቀበቶ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ናሙናው በ15 ኪሎ ኒውተን ኃይል ለ3 ደቂቃ ይጎተታል። አንድ ቶን ተኩል ገደማ ተሸከም ማለት ነው። ስፌቱ ከጨርቁ በተለየ ቀለም ይሰፋል፤ ክሩ ሲበላ ቶሎ እንዲታይ። ፀሐይ ጨርቁን እንደሚያደክመው፣ አሲድ እንደሚበላው በወረቀት ጽፈው አብረው ይሸጣሉ። ወረቀቱስ ጥሩ ነው። ሚጥሚጣ ይቋጠርበታል።

እኛ እንዲህ ያለ ጣጣ አንወድም። የኛ ፈተና አንድ ነው። ቀበቶውን በእጅ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ ያደርጉታል። ጧ ካላለ አለፈ።

ወደዚያ ቀበቶ ልመለስ። ታሪኩን ከባለቤቱ አፍ ሰምቻለሁ። ሳላሳጥር ነው የማቀርበው፤ የቸኮለ ይለፈው።

ሲጀመር ሙሉ ሰውነት የሚይዝ ነበር። ትከሻ ላይ ሁለት፣ ጭን ላይ ሁለት ማሰሪያ፣ ጀርባው ላይ የብረት ቀለበት ነበረው። የጭኖቹ «ብሽሽት ይልጣሉ» ተብለው ተቆረጡ። አልተጣሉም ታዲያ፣ እኛ ዘንድ ምን ይጣላል? አንደኛው ፍራሽ ታሰረበት። ሁለተኛው ወገቡ ላይ ተቀጠለ፤ ቀበቶው ከቀጭን ባለቤት ወደ ወፍራም ባለቤት ተላልፎ ነበርና። ቅጥያውን የሰፋው ሊስትሮ ነው። በወስፌ፣ በጫማ ክር፣ ዳር ዳሩን ማስቲሽ እየቀባ። ክሩንም ከጨርቁ ጋር እንዲመሳሰል አድርጎ መረጠው። ለማማር ነው። ከዚያ ወፍራሙ ሸጠው፣ ቀጭን ገዛው፣ ዘለበቱም ቀዳዳ አጣ። ሚስማር በእሳት ጋለ፣ ናይሎኑ ተበሳ። አንድ ቀዳዳ ጠበቀ፤ አጠገቡ ሌላ ተበሳ። እሱም ላላ። አሁን ወገቡ ላይ እንደ ወንፊት ተደርድረዋል። ሸክሙን የሚይዙት በቁመት የሄዱት ክሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ስንቱን ክር እንደበጠሰ ብጠይቀው «ዳሩ እኮ ቀልጦ ደርቋል፣ አይተረተርም» አለኝ። እውነቱን ነው። አይተረተርም፤ ሲሄድ በአንዴ ነው።

ገና አልጨረስኩም። የትከሻዎቹ ማሰሪያዎች ሙቀት ያመጣሉ ተብለው ወጡ። የጀርባው ቀለበት አብሯቸው ወጣ። አንድ ክረምት ሙሉ ቀበቶው ጋራዥ ውስጥ አሮጌ ባትሪ አጠገብ ከረመ። ጎኑ ላይ ነጫጭ ነገር አለው፤ ሲነኩት ፍርፍር ይላል። «ሳሙና ነው» አለኝ። ጋንቾው፣ ያ 22 ኪሎ ኒውተን ተብሎ የተቀረጸበት፣ ጠፋ። በያጅ ዘንድ 8 ቁጥር ፌሮ ታጥፎ ተተካ። አፉ ስለማይገጥም በሲባጎ ይታሰራል። የማምረቻ ዓመቱ የተጻፈበት ቦታ ላይ የአርሴናል ስቲከር ተለጥፏል፤ መቼም እሱን የለጠፈ ሰው የትዕግሥት ጉዳይ አይነገረውም። ገመዱ የጭነት መኪና ገመድ ነው፤ በተበጠሰበት ሁሉ ተቋጥሯል። አንድ ቋጠሮ የገመድን ጉልበት እስከ ሲሶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ይሄኛው ገመድ መቁጠሪያ ይመስላል።

እኔ እንግዲህ ይህን ሁሉ በጣቴ እየነካሁ ቆሜያለሁ። ባለቤቱ ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ አይስጉ። በዚህ ቀበቶ ስንት ዛፍ ወርዷል!»

ስንት ዛፍ እንደወረደ ነገረኝ። ስንት ሰው እንደወረደ አልጠየቅኩትም።

የሚገርመው እምነቱ ነው። አዲሱን፣ በላስቲክ የታሸገውን ቢሰጡት አያምነውም። «ይሄ የቻይና ነው፣ አልለመድኩትም» ይላል። የራሱን ግን ያውቀዋል። ራሱ ቆርጦታል፣ ራሱ በስቶታል፣ ራሱ አሰፍቶታል። የምስክር ወረቀቱም አጭር ነው፦ «እስካሁን አልወደቅኩም።» ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ? የወደቁት መጥተው አይናገሩ። ስለዚህ በሀገራችን ያለው ቀበቶ ሁሉ ጥሩ ነው፤ አንድም ቅሬታ ያቀረበ ተጠቃሚ የለም።

ደግሞ እኮ ቀበቶው የሚታሰረው ላይ ሲደረስ ነው። እስከዚያ ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ አብሮ ይወጣል፤ ለሞገስ። የኛው ቆራጭ ላይ ሲደርስ ገመዱን አዙሮ አሰረ። ያሰረው መጋዙ ከሚያርፍበት ቦታ በላይ ነበር። ማለትም ከሚወድቀው ግንድ ጋር። አንዲት እናት ከአጥር ማዶ «ልጄ፣ ከታች እሰረው፣ ከታች!» ብለው ባይጮኹ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ሌላ ዓይነት ይሆን ነበር።

የሕንፃዎቹን ወገኖች ከረሳሁ ይቀየሙኛል። እነሱ ዘንድ ቀበቶው ደህና ነው፤ አዲስ፣ ንጹሕ፣ ከነላስቲኩ። ስቶር ውስጥ ነው ያለው። ቁልፉ ስቶር ኪፐሩ ጋር ነው፣ ስቶር ኪፐሩ ምሳ ላይ ነው። እንግዳ የሚመጣ ቀን ይወጣል፣ ሁሉም ይለብሳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ተቆጥሮ ይመለሳል። በማግስቱ ልጆቹ አጣናው ላይ በነጠላ ጫማ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው መከላከያ እንዲሰጥ ያዛል፤ ሠራተኛው ደግሞ የተሰጠውን እንዳያበላሽ ይከለክላል። አንዱ አይሰጥም፣ ሌላው ያገኘውን ይቆርጣል። ሁለቱ ወገኖች እንዲህ የተስማሙበት ሌላ ጉዳይ አላውቅም።

ደብረ ዳሞ የወጣ ያውቃል። ገዳሙ በ6ኛው ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተ ይነገራል። ገደሉ 15 ሜትር ገደማ ነው፣ የሚወጣውም በተጎነጎነ ጠፍር ነው። ግን እንግዳ ሲመጣ ሌላ ማሰሪያ ወገቡ ላይ ይዞርና ከላይ መነኩሴ ይይዘዋል። አንዱ ለመውጫ፣ አንዱ ለመያዣ። ያቺን ሁለተኛ ገመድ በመካከል ማን እንደሰረቀብን እንጃ።

ምስጋናዬን ለአፍታ ላቁም። ከ10 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል አይፈጅበትም። ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው። ያ ዛፍ ላይ የነበረው ልጅ ጺም እንኳ አላወጣም። ባለ ግቢው ለደህና ቀበቶ ትንሽ ጨምር ሲባል «ያንተን ቀበቶ እኔ ልግዛልህ?» ብሎ ጮኸ። ለአጥሩ የአንበሳ ሐውልት ያሠራ ሰው ነው! ልጁ ቢወድቅስ? እናውቀዋለን እኮ። ሰፈር ያዋጣል፣ ሚኒባስ ይከራያል፣ አስከሬኑ አገር ቤት ይሄዳል፣ እናቱ ደጅ ላይ ይወርዳል። ዛፉ ግን እዚሁ ይቀራል፤ ግንዱ ተቆጥሮ ይሸጣል። ይሄን ድህነት ነው የሚለኝ ሰው አጠገቤ አይምጣ። የሰው ዋጋ ከአጣና አንሶብን ነው።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ።

ከዛፉ ሥር ስልክ ደግነው ለቆሙት ምስጋና ይድረስ። ከወደቀ ቪዲዮው አለን። «እኔ በወጣትነቴ በእጄ ብቻ ነበር የምወጣው» ለሚሉት አዛውንትም ምስጋና፤ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚያወሩት። በተለይ ደግሞ «ገመድ የሚያስር ፈሪ ነው» ብሎ ከታች ለሚያበረታታው ወዳጃችን። እሱ መሬት ላይ ስለሆነ ደፋር ነው።

ቀበቶው አሁን በኪራይ ነው የሚሠራው። ወቅቱ ስለሆነ ተፈላጊ ነው። ባለቤቱ ግን ሞኝ አይደለም፤ መታወቂያ መያዣ ይወስዳል። ተከራዩ ቢወድቅ ቀበቶው እንዳይጠፋበት።