የ700 ሜጋባይት ጨለማ

ክርክሩ የተነሣው ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ጀበና ቡና በሚፈላበት ጥግ ነው። ሰበቡ 55 ኢንች ቴሌቪዥን የገዛ ጎረቤት። በገዛበት ማታ ቤተሰቡን ሰብስቦ «ሰቨን»ን ከፈተ፤ ዴቪድ ፊንቸር ያዘጋጀውን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውን፣ ሁለት መርማሪዎች በሰባቱ ኃጢአቶች ልክ ሰው የሚገድለውን የሚያሳድዱበትን ፊልም። 127 ደቂቃ ሙሉ ያየው ግን ጭቃ ነው። መርማሪዎቹ የእጅ ባትሪ ይዘው ጨለማ ክፍል ሲገቡ ግድግዳው ጡብ ጡብ እያለ ይንቀጠቀጣል፣ የፊታቸው ጥላ ከካፖርታቸው ጋር አንድ ይሆናል። «ቴሌቪዥኑ ፎርጂድ ነው፣ ነገ እመልሰዋለሁ» ብሎ መጣ።

ዲቪዲና ቴሌቪዥን የሚጠግኑት አዛውንት ሲኒያቸውን አስቀመጡና ጎን ለጎን ወደተቀመጠው ልጅ ዞሩ። ልጁ ከመንገዱ ማዶ በፍላሽ ፊልም የሚጭን ነው።

«ስንት ሜጋ ነው የጫንክለት?»

«700 ነው ጋሼ። አሪፍ ኮፒ ነው።»

«ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል!» አሉ። ያን ዕለት ይቺን ተረት ስንት ጊዜ እንዳሏት የቆጠረ የለም።

የልጁ መከራከሪያ አጭር ነው። ፊልም ማለት ታሪኩ ነው፤ ማን ገደለ፣ ማን ተያዘ፣ መጨረሻው ምን ሆነ። ጥራት የሀብታም ወሬ ነው። «ደግሞ እኔ ሳየው አምሮኛል» አለ። በምን እንዳየው ሲጠየቅ በስልኩ ነው። የመዳፍ ስፋት ባላት ስክሪን ላይ ያማረውን ነው እንግዲህ ግድግዳ ለሚያህል ቴሌቪዥን የሸጠው።

ጠጋኙ የሲጋራ ካርቶን ቀደው ስሌቱን ጻፉለት። 127 ደቂቃ 7,620 ሰከንድ ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 700 ሜጋባይት በ8 ሲባዛ 5,600 ሜጋቢት ይሆናል፤ ለ7,620 ሲካፈል ድምፁ ሳይቀር ለአንድ ሰከንድ የሚደርሰው 0.73 ሜጋቢት ነው። ባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲ 8.5 ጊጋባይት ይይዛል፤ ይኸው ፊልም ብቻውን ቢሞላው በሰከንድ ወደ 9 ሜጋቢት ይደርሰዋል። ብሉሬይ ላይ ለምስሉ ብቻ እስከ 40 ይፈቀዳል። መጭመቂያው ፕሮግራም ቦታ ሲያጥረው ዓይን አይለየውም ብሎ የገመተውን አስቀድሞ ይጥላል፤ ይኸውም በጥቁርና በጥቁር መካከል ያለችው ትንሽ ልዩነት ናት። ምስሉን በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍሎ ስለሚሠራ ልዩነቷ ስትጠፋ ማዕዘኖቹ ብቻቸውን ይቀራሉ። ያ ነው ጡቡ። ፀሐይ ላይ የተቀረጸ የሠርግ ቪዲዮ በዚያው መጠን ቢጨመቅ ጉዳቱ እንዲህ ላይታይ ይችላል። «ሰቨን» ግን ከዝናብና ከጨለማ የተሠራ ፊልም ነው።

እዚህ ላይ ሽማግሌው የተናገሩት ነገር ልጁ ደጋግሞ ሊሰማው የሚገባ ነው። የፊልም ጥቅል ላይ ብርሃኑን መጀመሪያ የሚይዘው ብር ነው። በተለመደው አጠባ ቀለሙ ከወጣ በኋላ ብሩ ተነጥቶ ታጥቦ ይወጣል። ለ«ሰቨን» ከታተሙት የሲኒማ ኮፒዎች በከፊሉ ላይ ግን ብሩ ሆን ተብሎ እንዲቀር ተደረገ። ብርና ቀለም ሲደራረቡ ጥቁሩ ይጠልቃል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል። ካሜራውን የመራው ዳሪየስ ኮንጂ ያን ጨለማ በልኩ አስልቶ ነው የሠራው። እ.ኤ.አ. በ2000 ፊልሙ በሁለት ዲስክ ለቤት ሲወጣ ቀለሙ በአዲስ መልክ ተስተካከለ፤ ሁለተኛው ዲስክ ላይም ሥራው እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ክፍል አለ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ካሜራው ውስጥ ከነበረው ከዋናው ፊልም (ኔጌቲቭ) 8 ኬ በሚባለው የምስል ጥራት ተቀድቶ በ4 ኬ ዲስክ ወጣ። ያ ሁሉ ድካም ለአንዲት ጥላ ነው። እኛ ሰፈር ሲደርስ ጥላዋ በ0.73 ሜጋቢት ተሸጠች።

«እሺ ጋሼ፣ ኦሪጅናሉን ከየት ላምጣው?» አለ ልጁ። ከተናገረው ሁሉ ክብደት ያላት ይቺ ብቻ ናት፤ ግን ምክንያት እንጂ መልስ አይደለችም። ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት እዚህ ብሎክ ውስጥ ስንት ነው? ጫማና ሽቶ የሚልክ ሰው ዲስክ መላክ አያቅተውም። ማወቅ ያለበት ዲስኩ ለየትኛው የዓለም ክፍል እንደተሠራ የሚለየውን የሪጅን ኮድ ነው። የአሜሪካ ዲቪዲ ሪጅን 1፣ የአውሮፓ 2፣ የኢትዮጵያ 5 ነው፤ ስለዚህ ኮዱ ያልተከፈተ ማጫወቻ የመጣውን ዲስክ ይመልሳል። ብዙዎቹ ርካሽ ማጫወቻዎች በሪሞት የሚከፈት ስውር ሜኑ ስላላቸው ኮዱን 0፣ ማለትም ለሁሉም ክፍት፣ ማድረግ ይቻላል። በብሉሬይ አሜሪካ ኤ፣ አውሮፓና አፍሪካ ቢ ናቸው። የአውሮፓ ዲቪዲ ደግሞ በሰከንድ 24 ፍሬም የተቀረጸውን በ25 ስለሚያጫውት 127 ደቂቃው ወደ 122 ይወርዳል፤ አምስት ደቂቃ ተቆረጠብኝ ብሎ ማንም እንዳይጣላ።

ዲስኩስ ቢቀር? ያው ልጅ 4 እና 8 ጊጋ የሆነ ፋይል መጫን ይችላል። «ፍላሹ እምቢ ይላል» አለ። ፍላሹ እምቢ የሚለው ፋት 32 በሚባለው የፋይል አያያዝ ፎርማት ስለተደረገ ነው፤ ፋት 32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስ ፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ፎርማት ፍላሹ ላይ ያለውን ስለሚያጠፋ አስቀድሞ መገልበጥ፣ የቆየ ቴሌቪዥን ሁለቱንም ላያነብ ስለሚችልም መሞከር ያስፈልጋል። ፋይል ተጭኖ ሳያበቃ ፍላሹን መንቀል፣ 64 ጊጋ ተብሎ ውስጡ 8 ብቻ የሆነ ፍላሽ መግዛት፣ መሃል ላይ ለሚቆም ፊልም የተለመዱት ምክንያቶች እነዚህ ናቸው። ይህን ሁሉ ልጁ ያውቃል። አንድ ፍላሽ ላይ ሃያ ፊልም ማጨቅ ስለሚያዋጣ ነው እንጂ።

ቡና የምታፈላው እትዬ ዕጣኑን እየጨመረች «ሲያዩት ያላማረ ነዋ» ብላ ለጠጋኙ ገጠመችላቸው።

ጎረቤቱ ቴሌቪዥኑን እንዳይመልስ ግን የነገሩት ነገር ለሁሉም ይጠቅማል። ሱቅ ውስጥ እንዲያብረቀርቅ የተደረገውን «ቪቪድ» ትቶ «ሞቪ» ወይም «ሲኒማ» የሚለውን መምረጥ። ሻርፕነሱን ወደ 0 ማውረድ፤ ጡቡን ጠርዝ እያወጣ የሚያጎላው እሱ ነው። ክፍሉ ሲጨልም ወይም ሲበራ የሚነካው ባክላይት ነው፤ ብራይትነስ የሚወስነው ጥቁሩ የት እንደሚጀምር ነው። ከፍ ቢል ጨለማው አመድ ይሆናል፣ ዝቅ ቢል የጥቁር ካፖርት እጥፋት ይጠፋል፤ እጥፋቱ ለጥቂት የሚታይበት ቦታ ላይ መቆም። ማጫወቻ በኤችዲኤምአይ ከተያያዘ ሁለቱም አንድ ዓይነት የጥቁር ደረጃ ላይ መሆን አለባቸው። ማጫወቻው ጥቁርን ከ0 ሲልክ ቴሌቪዥኑ ከ16 የሚጠብቅ ከሆነ ጥላው ሁሉ ይሰምጣል፤ ሲገላበጥ ምስሉ ጉም ይለብሳል። አምፖሉን ከተመልካቹ ጀርባ ሳይሆን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ማብራት።

ድምፁም ሌላ በሽታ ነው። 5.1 በሚባለው ባለ ስድስት ስፒከር ቅንብር ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው ከመሃለኛው ስፒከር ነው። ፋይሉ በደንብ ሳይዋሃድ ወደ ሁለት ስፒከር ሲወርድ ሹክሹክታው ይጠፋል፤ ለሹክሹክታው ድምፅ ሲጨመር ተኩሱ በቀጭኑ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ አልፎ የጎረቤት ሕፃን ይቀሰቅሳል። ማጫወቻው ላይ «ናይት ሞድ» ካለ እሱን ማብራት ይረዳል። ልጁ በዚህ ጊዜ «ለዚህ ነው ሰው በአማርኛ ትርጉም የሚያየው» አለ። አንድ ሰው በፊልሙ ላይ እየተናገረ ገዳዩ ሊመጣ ነው ብሎ የሚነግረውን ማለቱ ነው። ልብ የሚያንጠለጥል ፊልም ግማሽ ሥራው ዝምታ ነው። ዝምታውን የሸፈነ ሰው ፊልሙን አልተረጎመም፣ ወስዶታል። ከታች የሚነበብ የአማርኛ ጽሑፍ ግን ጨለማውንም ዝምታውንም አይነካም፤ ፋይሉና ጽሑፉ አንድ ስም ይዘው አንድ ፎልደር ውስጥ ከተቀመጡ አብዛኛው ቴሌቪዥን ራሱ ያገኘዋል።

እኔ ፍርዴ ከጠጋኙ ጋር ነው፤ ልጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም። «ይበቃል» የምትለው ቃል ናት የያዘችው፣ እሷ ደግሞ የእሱ ብቻ አይደለችም። ግድግዳው ሳይደርቅ ቀለም ሲቀባ ይበቃል፣ ቧንቧው እያፈሰሰ ቤት ሲረከብ ይበቃል፣ ተማሪ ግማሽ ገጽ ገልብጦ ሲያስገባ ይበቃል። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ስንል ኖረን፣ አሁን የሚያቅረውን ለምደን የሚያምረውን «የሀብታም ወሬ» እንላለን።

የሚያናድደኝ የፈረንጁ ፊልም አይደለም፤ እሱ ኔጌቲቩ ተጠብቆ 30 ዓመት ሲሞላው እንደገና ተቀድቷል። የእኛስ? የአማርኛ ፊልም ለቤት በቪሲዲ በሚወጣበት ዘመን ምስሉ 352 በ288 ነጥብ፣ በሰከንድ 1.15 ሜጋቢት ነበር፤ አንዱ ዲስክ 74 ደቂቃ ገደማ ስለሚይዝ አንድ ፊልም በሁለት ዲስክ ይሸጥ ነበር። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የባለሙያውን መብት ሲደነግግ፣ ማስተሩን፣ ማለትም ዋናውን ቅጂ፣ ማን ያስቀምጠው ብሎ የጠየቀ ሰፈር ውስጥ አልነበረም። ዛሬ እነዚያ ዲስኮች ሚኒባስ መስታወት ላይ ይብለጨለጫሉ፣ የቀሩትን ቆራሌው በኪሎ ይወስዳቸዋል።

እትዬ «እኔም ቤት ሁለት ሦስት አለኝ፣ ለቆራሌው ላወጣቸው ነበር» ስትል ጠጋኙ ደንግጠው ተነሡ። እንዳታወጪ፣ ፀሐይ ላይም እንዳታስቀምጪ አሏት፤ በቤት የተቀዳ ዲስክ ቀለሙ በብርሃን ይጠፋል። ጽሑፍ ያለበትን ጎን እንዳትፍቂው፣ ሲዲ ላይ መረጃው ያለው ከዚያ ቀለም ሥር ነው። ስትጠርጊው ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርገሽ ነው እንጂ እያዞርሽ አይደለም፤ ዙሪያውን የሄደ ጭረት ማጫወቻው ለመጠገን ይቸገራል። አምጪውና በዝቅተኛ ፍጥነት ቀድተን ሁለት ቦታ እናስቀምጠው።

ልጁ ላፕቶፑን ሊያመጣ ተነሣ፣ ከዚያ ቆመ። የእሱ ላፕቶፕ ዲስክ ማስገቢያ የለውም።