ፏፏቴው የታለ?

ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ደብረ ሊባኖስ ሄድኩ። ለፏፏቴ! የጉዞ አዘጋጆቹ በለጠፉት ቪዲዮ ውሃው እንደ ጉድ ይወርዳል። እኔም ሞኟ ብሬን ከፈልኩ።

ደረስን። ከአፋፉ ላይ ሆኜ ቁልቁል አየሁ። ጥቁር አለት። መሃሉ ላይ በደንብ ያልተዘጋ ቧንቧ የመሰለች ጠብታ። በቃ!

«ፏፏቴው የታለ?» አልኩት አስጎብኚውን።

«ይኸው ነው እህቴ። ክረምት ላይ ብትመጪ ነበር።»

ታዲያ በየካቲት ለምን አመጣኸኝ? ቪዲዮው ለካ የነሐሴ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሃዋይ ሄዳ በየሳምንቱ የፏፏቴ ፎቶ ትልክልኛለች። እዚያ ያለችው የካዋይ ደሴት ተራሮች ላይ ዓመቱን ሙሉ ስለሚዘንብ መቼም ብትሄጂ ውሃ አለ። ሰሜን ሸዋ ግን ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ይህን እኮ ገበሬው ብቻ ሳይሆን እረኛውም ያውቀዋል። አስጎብኚ ነኝ የሚል ሰው እንዴት ይጠፋዋል?

እዚያ ያለውን «የፖርቹጋሎች ድልድይ» የሚባለውንም «ፖርቹጋሎች የሠሩት» ብሎ አስረዳን። ስሙ ነው እንጂ የምኒልክ አጎት የራስ ዳርጌ ዘመን ሥራ ነው። ተውኩት፣ ጉልበቴ ዝሏል።

ይባስ ብሎ አብረውን የመጡት ስፒከር ከፍተው ገደሉን አናወጡት። ሣር ሲግጡ የነበሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተነስተው ጠፉ። አንዱ ልጅ ብስኩት ይዞ «ና! ና!» እያለ ይከተላቸዋል። ሣር በሊታ ናቸው ብዬ ብነግረው፣ «አይ፣ ይወዱታል» አለኝ። የብስኩቱን ላስቲክ እዚያው ጣለው። አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ እስካሁን አለ።