ኃይለኛ ውሻ የሚፈጠረው በሰንሰለት ነው

በምኖርበት አያት አካባቢ ባለው የጋራ መኖሪያ ግቢ በር ላይ ባለፈው ሳምንት አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከመጪው ወር መጀመሪያ አንስቶ ማንኛውም ነዋሪ ውሻ ይዞ በግቢው መተላለፊያዎች፣ በአረንጓዴው ቦታና በልጆች መጫወቻ አጠገብ እንዳይንቀሳቀስ ይከለክላል። ውሻ ያለው ሰው «በራሱ ክልል አስሮ» እንዲያስቀምጥ ያዛል። ምክንያቱን ስንጠይቅ ማስታወቂያውን ከለጠፈው የግቢው ኮሚቴ አንድ አባል የሰጡን መልስ ደግሞ ከማስታወቂያው ይብሳል፦ «ውሻ የተፈጠረው በር ለመጠበቅ ነው፤ ለሽርሽር አይደለም።»

በር ለመጠበቅ? ውሻ ከሰው ጋር መኖር የጀመረው በርና አጥር ከመታወቃቸው ብዙ ሺህ ዓመታት ቀድሞ ነው። ከላምም፣ ከበግም፣ ከፈረስም በፊት ሰውን የተወዳጀው እንስሳ እርሱ ነው። የተወዳጀውም እየተከተለ፣ አብሮ እየተጓዘና አብሮ እያደነ ነው። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። የእረኛው ውሻ ጠዋት ከከብቱ ጋር ይወጣል፣ ሲሮጥና ሲያነፈንፍ ውሎ ማታ ከከብቱ ጋር ይመለሳል። መጽሐፈ ጦቢትን ያነበበም ጦብያ ሩቅ አገር ሲሄድ ከመልአኩ ሌላ ማን እንደተከተለው ያስታውሳል። ውሻው ነበር። ታዲያ ውሻ ይዞ መንገድ መውጣት የፈረንጅ ፋሽን ነው የሚሉን ሰዎች ይህን ከየት አመጡት? በዚህ አገር አዲሱ ነገር የብረት በሩ፣ የቆርቆሮ አጥሩና አንድ ሜትር ተኩሉ ሰንሰለት ነው።

ስለ ሰንሰለቱ ብዙ የምለው አለ። በከተማችን ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች የሚያልፍ ሰው በየበሩ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ያነባል። ያ ኃይለኛ ውሻ ኃይለኛ ሆኖ አልተወለደም፤ የሠራነው እኛ ነን። አሠራሩም ይታወቃል። ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 3 ወር ተኩል ገደማ ባለው ጊዜ በሰላም ያገኘውን ሁሉ፣ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም፣ ጃንጥላውንም ባጃጁንም፣ የዓለሙ አካል አድርጎ ይቀበላል። በዚያ ጊዜ ያላየውን ግን ካደገ በኋላ ይፈራል። እኛ ደግሞ ልክ በዚያ ዕድሜው አምጥተን ከጓሮ ጥግ እናስረዋለን። ፍርፋሪ ከሩቅ እንወረውርለታለን። ከዓለም የሚያየው በበሩ ሥር የሚያልፉትን እግሮች ብቻ ነው፤ ከዓለም የሚደርሰውም የሰፈር ልጆች በቀዳዳ የሚወረውሩት ድንጋይ ነው። በዓመቱ ባለፈ ባገደመው ላይ ሁሉ ይዘላል፣ ያጓራል፣ አረፋ እስኪደፍቅ ይጮኻል። ያን ጊዜ «ጎበዝ ውሻ ወጣው» ብለን እንመካበታለን። ከዕለታት አንድ ቀን ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ወይም አንድ ሰው በሩን ሳይዘጋ ይወጣል። የሚነከሰው የማን ልጅ ነው? ኮሚቴው እጠብቀዋለሁ የሚለው የጎረቤት ልጅ ነው። ማስታወቂያው ውሻን ሁሉ አስራችሁ አስቀምጡ ሲል ከበር ጀርባ ኃይለኛ ውሻ አራቡ እያለን መሆኑን የጻፉት ሰዎች አንዴም ቆም ብለው ያሰቡበት አይመስለኝም።

የእኔው ቡቺ የሀበሻ ውሻ ነው፤ ከ3 ዓመት በፊት በክረምት፣ ከአንድ ሥጋ ቤት ጀርባ ርሶ ያገኘሁት። ሲመጣ ዱላ የያዘ ሁሉ የሚመታው ይመስለው ነበር። ጃንጥላ ሲዘረጋ ከአልጋ ሥር ይገባ ነበር። ያንን ፍርሃት ያወጣለት መንገድ ነው። በየቀኑ ጠዋትና ማታ፣ በአጭር ማሰሪያ፣ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ ሱቁ፣ ከዚያ እስከ ባቡር ጣቢያው። ከታች ፎቅ የሚኖር የ7 ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ወር ባየው ቁጥር ድንጋይ ያነሣበት ነበር። አሁን ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት «ቡቺ ቁርስ በላ?» ብሎ ሳይጠይቀኝ አያልፍም። ያ ልጅ ውሻ እንዴት እንደሚቀረብ ያውቃል፦ አይሮጥም፣ አይጮኽም፣ እጁን አስሽትቶ ነው የሚነካው። ይህን ያስተማረው ማስታወቂያ የለም።

እሑድን ግን በምን ቃል ልንገራችሁ? ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከግቢው እንወጣለን። የመጨረሻዎቹን ሕንፃዎች አልፈን፣ ኮብልስቶኑ አልቆ አፈሩ ሲጀምር፣ ቡቺ ይለወጣል፤ ጆሮው ይቆማል፣ አፍንጫው መሬት ይልሳል። መስከረም ከሆነ አደይ አበባው ውስጥ ጭራው ብቻ ይታያል። ወደ ባሕር ዛፉ ዳገት ስንወጣ ከበታች የቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ይሰማል፣ የእንጨት ጭስ ይሸታል፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ፤ እኛም ዳር ይዘን እናሳልፋቸዋለን። እርሱ እያንዳንዱን ቁጥቋጦ ሲመረምር እኔም እቆማለሁ። ያለ እርሱ በዚያ ዳገት አንድም ቀን ቆሜ ከተማዋን አይቼ አላውቅም ነበር። በግቢው 4 ዓመት ስኖር የአንድ ደረጃ ጎረቤቶቼን ስም አላውቅም ነበር፤ ውሻው ከመጣ ወዲህ ጡረታ የወጡት መምህር፣ የጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ፣ የማታው ዘበኛ፣ ሁሉም ያቆሙኛል። ብቻዬን ስወጣ «ዛሬስ ጓደኛህ የት ቀረ?» ይሉኛል። ኮሚቴው በዓመት ሁለቴ «ማኅበራዊ ትስስራችንን እናጠናክር» ብሎ ስብሰባ ይጠራል። ትስስሩ በየጠዋቱ በበሩ ሲያልፍ ነበር፤ አሁን ከለከሉት።

«ለልጆቻችን ደኅንነት» የሚለው ቃል በማስታወቂያው ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። የእብድ ውሻ በሽታ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥ 99 በመቶ ያህሉ ከውሻ የሚመጣ ነው። መከላከያውም የታወቀ ነው፦ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ አለበት። ዓለም ከውሻ በሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ለ2030 ቀጠሮ ይዟል። በማስታወቂያው ላይ ከዚህ ሁሉ አንዱን ፈልጉ። «ክትባት» የሚል ቃል አንዴ እንኳ የለም! በየዓመቱ የተከተበውን፣ የክትባት ካርድ ያለውንና ባለቤቱ በእጁ የያዘውን ውሻ ከመንገድ አስወጥተው፣ ከግቢው በስተጀርባ ባለው የቆሻሻ ገንዳ ዙሪያ ሌሊቱን የሚተራመሱትን ባለቤት አልባ ውሾች ግን አልነኩም። ገንዳው ክዳን ቢኖረው፣ ሥጋ ቤቶቹ አጥንት ሜዳ ላይ ባይደፉ ያ መንጋ ይቀንስ ነበር። ይህ ግን ሥራ ይጠይቃል። ወረቀት መለጠፍ ቀላል ነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ውሻውን ያለ ማሰሪያ የሚለቅ፣ ወይም ቆሻሻውን መተላለፊያ ላይ ትቶ የሚሄድ ሰው ይቀጣ፤ እኔም አሮጌ ጋዜጣ ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም። ከዚህ ያለፈ አልቀበልም።

ኮሚቴው ይህን የመወሰን ሥልጣንስ ከየት አገኘ? የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሥልጣኑን የሰጠው ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ነበር፤ የጋራ መጠቀሚያዎቹም የሁላችን ንብረት ናቸው። በዚህ ጉዳይ የተጠራ ጉባኤ የለም፣ ድምፅ የተሰጠበት ቃለ ጉባኤም የለም። ጉባኤው ይጠራ። የክትባት ካርድ ይጠየቅ፣ የማሰሪያ ርዝመት ይወሰን፣ ከመጫወቻው ራቅ ያለ መንገድ ይመደብ፤ በሁሉም ላይ እጄን አወጣለሁ። ዘበኛችን ግን ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ በሩ ላይ እንዲያስቆመኝ እንደታዘዘ አፍሮ ነግሮኛል። የዚያ ወር የመጀመሪያው እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቡቺን ይዤ በዚያው በር እመጣለሁ፤ የክትባት ካርዱም በኪሴ ይሆናል።