ቤት የሌለው ነጋዴ ምን ያስይዝ?

ብድር ፈልጎ ባንክ የገባ ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን እንደሚሠራ አይደለም። ምን እንደሚያስይዝ ነው። ቤት ካለው ካርታውን ያቀርባል፣ የባንኩ መሐንዲስ ሄዶ ይገምትለታል፣ ጉዳዩ ይቀጥላል። መኪና ካለው ሊብሬውን አይተው ሊያነጋግሩት ይችላሉ። ሁለቱም ከሌሉት ግን ወሬው እዚያው ያልቃል።

ስለ አነስተኛ ነጋዴዎች ባወራን ቁጥር «ባንክ ገንዘብ የለውም» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ገንዘብ ባለበት ጊዜም ባንኮቻችን ከቤትና ከመኪና ውጭ ያለውን ሀብት እንደ ሀብት አይቆጥሩትም።

መርካቶ ውስጥ ጫማ የሚሠራ አንድ ወዳጄን ልጥቀስ። የሚኖርበት ቤት የኪራይ ነው። የሚሠራበትም እንዲሁ። ያለው ንብረት የስፌት ማሽኖቹ፣ የጫማ ፎርማዎቹ፣ የተከማቸ ቆዳና ሶል፣ እንዲሁም ክፍለ ሀገር ያሉ ባለሱቆች የያዙበት ዱቤ ነው። ባለሱቆቹ ጫማውን ሲወስዱ ግማሹን ይከፍላሉ፣ ቀሪውን ሸጠው ይልካሉ። እሱ ደግሞ ቆዳውን ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፣ ለዚያም ቀኑ ወደፊት የሆነ ቼክ ጽፎ ይሰጣል። ቀኑ ሲደርስ ሂሳቡ ውስጥ ብር ከሌለ ቼኩ ደረቅ ቼክ ይሆናል። ደረቅ ቼክ ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል። እንግዲህ ይህ ሰው የሚኖረው ባለሱቁ በሚከፍልበት ቀንና ቼኩ በሚመታበት ቀን መካከል ነው።

ቀኖቹ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ የሚሮጠው ወደ ዕቁቡ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ካልቸኮለ ጉርሻ ከፍሎ ዕጣውን ይገዛዋል። ዋስ ጠርቶ ብሩን ይወስዳል። ያ ካልሆነ አራጣ አለ። ስለ አራጣ ብዙ ማለት አያስፈልግም፣ የገባበት ያውቀዋል።

ልብ በሉ፣ ይህ ሰው በየሳምንቱ ብድር እየወሰደ በየሳምንቱ ይከፍላል። የቆዳ ነጋዴው ያምነዋል፣ ዕቁብተኛው ያምነዋል። ባንኩ ዘንድ ግን ምንም የሌለው ሰው ነው።

ሕግ ስለጠፋ እንዳይመስላችሁ። በ2011 ዓ.ም. ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት ማሽን፣ የሸቀጥ ክምችት፣ ከብት፣ ሰብል፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሂሳብ ሳይቀር ለብድር ዋስትና ሊሆን ይችላል። አንዱ ንብረት ለሁለት አበዳሪ ተደብቆ እንዳይያዝም ብሔራዊ ባንክ መዝገብ አዘጋጅቷል። የወዳጄ ማሽኖች፣ ሶሉ፣ ባለሱቆቹ ያለባቸው ዕዳ ሁሉ በሕጉ ዓይን ዋስትና ናቸው። ይህንን ይዞ ቅርንጫፍ ሲሄድ ግን የሚሰማው ያንኑ ነው፦ «ካርታ አለህ?»

የብድር ሠራተኛውን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። እሱም የሚያስፈራው ነገር አለ። ብድሩ ቢበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ቤት ከተያዘ ማንም አይናገረውም። ባንኩ የተያዘውን ቤት ለመሸጥ ፍርድ ቤት እንኳ መሄድ አያስፈልገውም፤ በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ራሱ በሐራጅ ይሸጣል። ማሽን ግን ሌሊት ተጭኖ ሊሄድ ይችላል። ያገለገለ የጫማ ማሽን ስንት እንደሚያወጣ በእርግጠኝነት የሚገምት ባለሙያ ባንክ ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው። ቆዳውማ ነገ ጫማ ሆኖ ይሸጣል። ነጋዴውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ግብር ፈርቶ ሽያጩን በጥሬ ገንዘብ ሲያደርግ ይኖርና፣ ብድር ሲፈልግ የሂሳቡ እንቅስቃሴ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ቤት መያዝ ራሱ ብድርን አያድንም። ትልቅ መሆንም አያድንም። የኢትዮጵያ ልማት ባንክን እናስታውስ። በ2010ና በ2011 ዓ.ም. አካባቢ የተበላሸ ብድሩ 40 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። ባንኩን ለዚያ ካበቁት ውስጥ ዋነኞቹ ለሰፋፊ የዝናብ እርሻዎች የተሰጡ ብድሮች ናቸው፣ ጫማ ሰፊዎች አይደሉም። ያው ባንክ ለአነስተኛና መካከለኛ አምራቾች ማሽን ገዝቶ በሊዝ የሚሰጥበት አሠራር አለው። ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ማሽኑ የባንኩ ነው፣ ስለዚህ ቤት ይምጣ አይባልም። በእኔ አስተያየት ንግድ ባንኮች ሊማሩት የሚገባው ይህንን ነው።

ሌላም አለ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ዋጋ ንረትን ለማርገብ ብሎ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር። የዋጋ ንረቱ መያዝ ነበረበት፣ አልከራከርም። ግን የሚያበድረው የተወሰነበት ባንክ መጀመሪያ የሚያስበው ለማን ነው? ለቆየው፣ ለትልቁ ደንበኛው ነው። አንድ ትልቅ ብድር ማስተዳደር መቶ ትንንሽ ብድሮችን ከማስተዳደር ይቀላል። ለትንንሽ ተበዳሪዎች ያበድሩ የነበሩት አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ጸደይ ባንክ፣ የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ደግሞ ሲንቄ ባንክ ሲሆኑ የሰጋሁትም ለዚህ ነው። ባንክ መሆናቸው ከፍ ያለ ብድር ለሚፈልገው ነጋዴ በር ሊከፍት ይችላል። ግን እነሱም ካርታ ጠያቂ ከሆኑ ያ ነጋዴ ማን ጋ ይሂድ?

አሁን ደግሞ «ስልክ መጣ፣ ችግሩ ተፈታ» የሚሉ በዝተዋል። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ቴሌብር መላ የተባለውን የስልክ ብድር ጀመረ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ምቹ» የተባለውን አመጣ። ያለ ማስያዣ፣ ያለ ቢሮ ምልልስ፣ በደቂቃዎች ብር ይገባል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ማጣጣል አልፈልግም። ጉሊት የምትነግድ ሴት ጠዋት ሽንኩርት የምታነሳበት ብር አገኘች ማለት ነው። ግን በአጭር ጊዜ የሚመለስ ትንሽ ብድር ማሽን አይገዛም። ማሽን ወጪውን ለመመለስ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ኬንያ ውስጥ ኤም ሽዋሪ የተባለው የስልክ ብድር በ2012 እ.ኤ.አ. ሲጀምር የሠላሳ ቀን ብድር በ7.5 በመቶ ክፍያ ይሰጥ ነበር። ይህ በወር ነው፤ በዓመት ስታስቡት ከባድ ነው። ጫማ ሠሪው እንዲህ ባለ ብድር ማሽን ቢገዛ የመጀመሪያው ጫማ ሳይሸጥ ዕዳው ይደርሳል።

ከስልክ ብድር ውስጥ እኔ የምወደው ሌላ ነገሩን ነው። ሰውየው በየቀኑ ስንት እንደሚሸጥ ያሳያል። የአንድ ዓመት የቴሌብር እንቅስቃሴ ያለው ነጋዴ ከካርታ ያላነሰ ማስረጃ ይዟል። ይህንን ከአዋጅ 1147 ጋር ማገናኘት ነው የጎደለው፦ ማሽኑ ይያዝ፣ የሽያጭ መዝገቡ ይታይ፣ ብድሩ የሁለትና የሦስት ዓመት ይሁን። ለትልልቅ ድርጅቶችና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕቃ አቅርቦ ወራት ክፍያ የሚጠብቀውም ደረሰኙን አስይዞ ይበደር።

ብሔራዊ ባንክ ደግሞ አንድ ቀላል ነገር ማዘዝ ይችላል። እያንዳንዱ ባንክ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ከሰጠው ብድር ስንቱ በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና እንደሆነ፣ ለስንት ነጋዴ እንደደረሰና ስንቱ እንደተበላሸ ለይቶ ያውጣ። ትርፋቸውን በየዓመቱ በጋዜጣ እናነባለን። ይህችንም ቁጥር ከጎኑ ያስፍሯት። የባንክ ቦርዶች እርስ በርሳቸው ሲተያዩ የብድር ሠራተኛው ፍርሃትም ይቀንሳል፤ ማሽን ያስያዘ ደንበኛ ሲመጣ «ይህንን ነው የሚፈልጉት» ብሎ ፋይል ይከፍታል።