«ሁለት ፍሬ ምን አላት?»

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ የከፈተውን ኤፍ ኤም ሬዲዮ እየሰማሁ ነው። ወሬው በልጅነታቸው ስላረገዙ እናቶች ነበር። «የ17 ዓመት ነፍሰ ጡር ሲጋራ ስታጨስ ብናገኛት ምን እንበላት?» ተብሎ እንግዳው ተጠየቀ። «አታስጨንቋት። በቀን ሁለት ፍሬ ብታጨስ ይሻላል፤ ፅንሱን የሚጎዳው ጭንቀቷ ነው» አለ። አዘጋጁም «ልክ ነው» ብሎ ዘፈን ለቀቀ።

ደግ መናገሩ ነው እንግዲህ። ለመሆኑ ይሄ ጭንቀት ከየት መጣ? ሲጋራው ውስጥ ያለው ሱስ አስያዥ ኒኮቲን ሲያልቅባት ትቁነጠነጣለች፤ ስታጨስ ጋብ ይልላታል። ቤት አቃጥሎ ውሃ የሚያቀብል ጎረቤት ይመሰገናል እንዴ?

ወደ ሕፃኑ እንምጣ። ኒኮቲን እንግዴ ልጁን አልፎ ፅንሱ ጋ ይደርሳል። ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን የሚቆጣጠረው ሥርዓት ደግሞ መሠረቱ የሚጣለው ማህፀን ውስጥ ነው። አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ 100 እናቶችንና ልጆቻቸውን ያየ ጥናት በ2014 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። አጫሽ እናቶች የወለዷቸው ልጆች በመጀመሪያው ወር ኮርቲሶላቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። «ዝቅ ካለማ ልጁ ተረጋግቷል» የሚል አይጠፋም። አልተረጋጋም! ኮርቲሶል የግቢ ዘበኛ ነው። ዘበኛው እንቅልፍ ስለጣለው ግቢው ሰላም ነው አይባልም። ከፍ ብሎ ያገኙት ጥናቶችም አሉ፤ እሺ። ከፍም ይበል ዝቅ፣ ገና ስም ያልወጣለት ልጅ ዘበኛው ተነካክቶበታል። «የእናትየው ድህነትም የራሱ ድርሻ አለው» ይሉኛል። ይኑረው። እና በዚያ ላይ ጭስ ይጨመርለት?

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥ ከልክሏል። እኛ ሰፈር ሱቅ ግን ከማስቲካው አጠገብ የተከፈተ ፓኮ አለ። ላይተሩ በገመድ ተንጠልጥሏል። ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ብሯን ታስቀምጣለች፤ ባለሱቁ ከስልኩ ቀና ሳይል አንድ ፍሬ ያቀብላታል። ዕድሜ ብሎ ጥያቄ የለም።

«ማቆም አይችሉም» የሚለውም የሰነፍ ወሬ ነው። ስኮትላንድ፣ ግላስጎ ከተማ ውስጥ 612 አጫሽ ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉበት ሙከራ ተደርጎ ነበር። ማጨስ ለማቆም ከሚሰጠው ምክር ጋር እስከ 400 ፓውንድ የሚደርስ የገበያ ኩፖን ከቀረበላቸው 22.5 በመቶዎቹ አቆሙ። ያለ ኩፖን ከታገዙት 8.6 በመቶ ብቻ። ኩፖኑ ለእኛ አቅም ይከብድ ይሆናል። ዝም ማለት ግን ስንት ያስወጣል?

ያ እንግዳ በሚቀጥለው ሳምንትም ይመለሳል አሉ።