ለመንግሥታት ጠብ አታጨብጭቡ

ወገኖቼ፣ የፌዴራሉ መንግሥትና አንድ ክልል በተጋጩ ቁጥር ነገሩን ሳታጣሩ ጎራ ትለያላችሁ። ጠቡ የበጀት ይሁን የወሰን፣ የምርጫ ይሁን የፀጥታ፣ ግድ የላችሁም። «የእኛ ሰዎች ምን አሉ?» ትላላችሁ፤ የሰማችሁትን ይዛችሁ ትፎክራላችሁ። ይህ ልማድ ስንቱን ቤት እንደዘጋ እያያችሁ ዛሬም አልተዋችሁትም።

2012ን አስታውሱ። በኮሮና ሰበብ ምርጫው ተራዘመ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት መራዘሙን በሕገ መንግሥት ትርጉም አጸደቀው፤ የትግራይ ክልል አልቀበልም ብሎ ጳጉሜን 4 ቀን የራሱን ምርጫ አካሄደ። ከዚያ አንዱ ሌላውን ሕገ ወጥ አለው። መስከረም ሳያልቅ የፌዴራሉ መንግሥት ከክልሉ መሪዎች ጋር ያለው ግንኙነት እንዲቋረጥና የበጀት ድጎማው በቀጥታ ለታችኛው የአስተዳደር እርከን እንዲሄድ ተወሰነ። ጥቅምት 24 ሌሊት ጦርነቱ ተጀመረ። ከምርጫው እስከዚያች ሌሊት ሁለት ወር እንኳ አልሞላም! ከምርጫው በፊት፣ በሰኔ ወር፣ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ዕርቅ ይውረድ ብለው መቐለ ድረስ ሄደው ለምነው ነበር። ስንቶቻችሁ ከእነርሱ ጎን ቆማችሁ? መግለጫ በወጣ ቁጥር «ደግ አደረገ» ስትሉ የከረማችሁት ግን ብዙ ናችሁ። ባሕር ማዶ ተቀምጣችሁ የሰው ልጅ ወደ እሳት እንዲገባ የገፋችሁም ከዚህ ተግሣጽ አታመልጡም።

መንግሥታቱ የሚነጋገሩበትን ሥርዓት የደነገገው አዋጅ ቁጥር 1231/2013 የወጣው ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። ከዚያ በፊት ክርክሩ በአብዛኛው በአንድ ገዥ ግንባር፣ በኢሕአዴግ ውስጥ፣ በስልክና በግምገማ ያልቅ ነበር። ግንባሩ በ2012 ሲፈርስ መነጋገሪያው መንገድ አብሮ ፈረሰ፤ ሌላ መንገድ ይበጅልን ብሎ የጮኸ ሕዝብ አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው ካለቀ በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት ሁለቱን ወገን የመለሳቸው ወደዚያው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 50ን አንብቡት። የፌዴራሉን ሥልጣን ክልሎች ያክብሩ፣ የክልሎችንም የፌዴራሉ መንግሥት ያክብር ይላል። እናንተ ግን የምትጠቅሱት ለወገናችሁ የሚመቸውን ግማሹን ብቻ ነው።

ጠቡ የግድ በመድፍ አይመጣም። ጤፍ የጫነ መኪና አንድ ኬላ ላይ ከፍሎ ደረሰኙን ይዞ ይነሣል፤ ጥቂት እንደሄደ ሌላ ገመድ መንገዱ ላይ ተወጥሮ ይጠብቀዋል። ሾፌሩ ደረሰኙን ቢያሳይ «ያ የእነርሱ ነው፣ የእኛን ክፈል» ይባላል። በክልሎች መካከል የሚደረግን ንግድ የመምራት ሥልጣን በአንቀጽ 51 የተሰጠው ለፌዴራሉ መንግሥት ነው። የከተማው ሸማች ግን ጤፍ ሲወደድበት የሚረግመው የጎረቤት ክልልን ሕዝብ ነው። ገበሬው ምን አደረገ? እርሱም እህሉን በርካሽ ሸጦ ማዳበሪያ በውድ የሚገዛ ሰው ነው። ኬላውን ማን አቆመው፣ ገንዘቡስ በየትኛው ካዝና ገባ ብላችሁ የክልላችሁን ምክር ቤት ጠይቁ።

በፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወክላችሁን ሰው ስም የምታውቁ ስንት ናችሁ? የድጎማውን ቀመር የሚወስነው፣ ክልሎች ሳይስማሙ ሲቀሩ የወሰን ክርክራቸውን የሚዳኘው፣ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ያ ምክር ቤት ነው። ሰውየውን ዛሬውኑ ፈልጉት። በእጁ ያለው አቤቱታ ስንት እንደሆነ፣ የትኛው እንደተወሰነ፣ የትኛውስ ለምን እንደተጓተተ በሕዝብ ፊት ቆሞ ይንገራችሁ።