ከእርስዎ በቀር ደህና ነን፦ ለላዳዬ ንዝረት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር ንዝረት
አድራሻ፦ ከ80 እስከ 95 ኪሎ ሜትር በሰዓት
ጉዳዩ፦ መኪናዬን እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ፣ እማዬና ላዳዋ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእርስዎ በቀር ደህና ነን።

በምስጋና ልጀምር። ክቡርነትዎ ቀጠሮ አክባሪ ነዎት። እንደ እርስዎ ሰዓቱን የሚጠብቅ ሰው ጂማ ውስጥ አላጋጠመኝም። ደግሞም ከተማ ውስጥ አያስቸግሩም። ከሄርማታ ወደ ፈረንጅ አራዳ ስንሄድ የሉም። አዌቱን ስንሻገርም የሉም። ባጃጅ በቀኝ፣ ባጃጅ በግራ፣ አንዱ ደግሞ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ሲጣራ፣ 30 ከደረስን ተመስገን ነው። የአዲስ አበባን መንገድ ይዘን፣ ሰርቦን አልፈን፣ ቀጥ ያለ ቦታ አግኝተን ቆጣሪው 80ን ሲነካ ግን ከች! መጀመሪያ ወለሉ ላይ እንደ ንብ ያንዣብባሉ። ቀጥሎ መቀመጫዬ ውስጥ ይገባሉ። 90 ላይ በስፖኪዮ የማየው አንድ ሲኖትራክ ሁለት ይሆናል። አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ የተላከው ማር ክዳኑን ራሱ ይፈታል። አንዴ ጊቤ ሳንደርስ ግማሹን ወንበሩ ጠጥቶታል።

ላዳዋ የአባቴ ናት፤ ነፍሱን ይማረው። 2101 የምትባለው፣ ባለ 1200 ሲሲ፣ ባለ አራት ማርሽ። ሩሲያ ትሠራ እንጂ የተቀዳችው ከፊያት 124 ነው። ካምቢዮ፣ ክሮቸራ፣ ኩሽኔታ እያልን ሰውነቷን በጣሊያንኛ ስንጠራባት የማትቀየመውም ለዚህ ይመስለኛል። አባቴ ሲነዳት እርስዎ የሚባል እንግዳ አናውቅም ነበር። የመጡት ባለፈው ጥቅምት፣ ፍሪሲዮን ካስቀየርኩ በኋላ ነው። ይቺን ነገር ልብ ይበሉልኝ። እኔ ስምንት ወር ሙሉ ልብ አላልኳትም።

በእነዚያ ስምንት ወራት በእርስዎ ስም ያልበላ የለም። ጎሚስታው “ቸርኬው ተጣሟል” አለ። አራቱም ጎማ ባላንስ ተደረገ፣ ሁለቱ ተቀየሩ። እርስዎ ሰርቦን እንዳለፍን ጠበቁን። አንዱ ጋራዥ “ክሮቸራ ነው” አለ፤ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ዙሩን የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ፣ ካርዳኑ፣ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ማለቱ ነው። ሁለቱንም ቀየርኩ። የላላ ክሮቸራ ገና ስንነሳ፣ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ “ቋ!” እንደሚል የሰማሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። የኔዋ አንድም ቀን “ቋ” ብላ አታውቅም። ሌላው “የመሀል ኩሽኔታ” አለኝ፤ ካርዳኑን መሀሉ ላይ የሚይዘውን። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስመጣሁ፤ ኩሽኔታው በአውቶቡስ መጣ፣ ገባ፣ እርስዎም በዚያው ቀን በደስታ ተቀበሉት። ሦስተኛው ሞተሩ የተቀመጠበትን ጎማ ጠረጠረ። እማዬ ደግሞ “ዓይን ነው” ብላ ኮፈኑ ላይ ጠበል ረጨች። ከሁሉም ያላስከፈለችኝ እሷ ብቻ ናት።

አንዱን ሜካኒክ ግን በተለይ ላንሳው። ቁልፉን ተቀበለኝና ከጋራዡ ወጥቶ የጂማን መርካቶ ዞሮ ተመለሰ። “ምን ሆነች? ቅቤ እኮ ናት!” አለኝ። ሚዛኑ የተዛባ ነገር ሲዞር ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ፣ የሚያራግበው ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። 45 ላይ ዝም ያለው 90 ላይ በአራት እጥፍ ይመጣል። በ30 ነድቶ “ጤነኛ ናት” ማለት፣ የሚያንኮራፋን ሰው ቀን ነቅቶ ሳለ መርምሮ “አያንኮራፋም” ብሎ እንደመሸኘት ነው። እርስዎ በዚያ ሰዓት የት ሆነው ይስቁ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ፍርድዎ የመጣው ከጎረቤታችን ከሐጂ ነው። ሐጂ በወጣትነታቸው በኤን ትሬ የጭነት መኪና የጂማን ቡና አዲስ አበባ ያመላልሱ ነበር። የጊቤን ቁልቁለት ስንት ጊዜ እንደወረዱ እሳቸውም አይቆጥሩትም። አንድ ቀን ከበራፋቸው ላይ ጠሩኝና፦

“ልጄ፣ የሚንቀጠቀጠው መሪው ነው መቀመጫህ?”

“መቀመጫዬ ነው፣ ሐጂ።”

“ታዲያ የፊት ጎማው ምን አድርጎህ ነው ገንዘብህን የምትበትነው? የፊት ጎማ ሲታመም እጅህን ነው የሚይዝህ። ይሄ ከወገብህ በታች የያዘህ ከኋላ ነው፤ ወይ ከካርዳኑ።”

ስምንት ወር፣ አንድ ጥያቄ። ክቡርነትዎ፣ እስቲ ይፍረዱኝ።

በማግስቱ ሐጂን ጎኔ አስቀምጬ ወጣን። ሜዳ ነው፣ ከፊትም ከኋላም መኪና የለም። 90 ላይ መጡ። “ፍሪሲዮን ርገጥ፣ ማርሹን አውጣ!” አሉኝ። (ይህን ጊቤ ቁልቁለት ላይ የሚሞክር አንባቢ ካለ ደብዳቤውን እዚህ ላይ አጥፎ ይተኛ።) ሞተሩ ወረደ፣ ድምፁ ጠፋ። እርስዎ ግን ንቅንቅ አላሉም። ሞተሩ በዚያው በነፃ ተሰናበተ። በአራተኛ ማርሽ ሞተሩና ካርዳኑ እኩል ነው የሚዞሩት፤ ማርሹ ካልወጣ ማን ማን እንደሆነ አይለይም ነበር።

ማታ እርሳስና ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። በ90 ስንነዳ መኪናዋ በሰከንድ 25 ሜትር ትሄዳለች። ጎማዬ 165/80፣ ባለ 13 ነው፤ አንድ ዙር ሲዞር 1.87 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ጎማው በሰከንድ ከ13 ጊዜ ትንሽ በላይ ይዞራል። የኔዋ ዲፈረንሻል 4.3 ለ1 ነው፤ ጎማው አንዴ ሲዞር ካርዳኑ 4.3 ጊዜ ይዞራል። እሱን ሳባዛው ካርዳኑ በሰከንድ 57 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። የጎማ ንዝረት ድግ-ድግ-ድግ ይላል፤ የፈጠነ ሰው ሊቆጥረው ምንም አይቀረው። በሰከንድ 57 ጊዜ የሚመታውን ግን ማንም አይቆጥረውም፤ እሱ ዝዝዝዝ ነው። ክቡርነትዎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ንብ እየጮኹ ስምዎንና አድራሻዎን ሲናገሩ ኖረዋል። እኛ ነን እርስዎን ትተን የጎሚስታውን አፍ ስንሰማ የከረምነው። በዚህ በኩል ይቅርታ ይገባዎታል።

ቅዳሜ ጠዋት የኋላዋን በክሪክ አነሳን። ክሪክ ብቻውን አይታመንምና ወፍራም ግንድ ከስር ደገፍን። ሐጂ የጂማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ባትሪ ያበሩልኛል፣ እኔ ከስር ተንጋልዬ ቅባት እጠርጋለሁ። ካርዳኑ ከዲፈረንሻሉ ጋር በአራት ብሎን የሚታሰርበት ቦታ ላይ ቅባቱ ሲለቅ ቀይ ነጥብ ብቅ አለች። ጠረግ ጠረግ ሳደርግ ሌላ ቀይ ነጥብ። አንዷ ካርዳኑ ላይ፣ አንዷ ዲፈረንሻሉ ላይ። አንዷ ወደ ሰማይ፣ አንዷ ወደ ምድር።

“አባትህ ነው” አሉ ሐጂ። “ሲፈታ ምልክት ያደረገ ሰው ነበረ። ሲገጠም ያየ ሰው ግን አልነበረም።”

ለካ ካርዳን ላይ የምትታየው ያቺ የተበየደች ቁራጭ ብረት ለጌጥ አይደለችም፤ ዘንጉ ሚዛን እንዲጠብቅ የተደረገች ናት። የዘንጉና የዲፈረንሻሉ ጥቃቅን ጉድለቶች በአንድ አቀማመጥ ይቻቻላሉ፣ በሌላው ይደማመራሉ። ፍሪሲዮን ለመቀየር ካርዳኑ መፈታት አለበት፤ የቀየረልኝ ጋራዥ መልሶ ሲገጥመው በግማሽ ዙር አሳስቶ ነበር ያሰረው። ሄጄ ብነግራቸው “በየትም በኩል ቢገባ ያው ነው” አሉኝ። እንኳን አገናኛችሁ፤ ክቡርነትዎና እነሱ ትመሳሰላላችሁ።

አራት ብሎን ፈታሁ። ግማሽ ዙር አዞርኩ። ቀይን ከቀይ አገናኝቼ አሰርኩ። ወጪ፦ ለሐጂ አንድ ኪሎ ስኳር፣ እሱንም በግድ ነው የተቀበሉኝ።

ሰርቦን አለፍን። 80። 85። 90። ስፖኪዮ ላይ ያለው ሲኖትራክ አንድ ብቻ ነው። “ሐጂ፣ አዩ?” ብዬ ዞር ስል አንቀላፍተዋል።

እርግጥ ነው፣ ሙሉ በሙሉ አልወጡም። 95 ላይ፣ ጆሮዬን ሳቆም፣ ስስ ዝዝታ አለች። ሻንጣዎን ሲሰበስቡ የሚሰማ ድምፅ ነው ብዬ በበጎ ተርጉሜዋለሁ። ካልሆነ ግን ሐጂ ሁለት ፋሸታ፣ ያ የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት፣ አዘጋጅተዋል። ካርዳኑ ላይ እናስራቸዋለን፤ የፋሸታው ጭንቅላት ክብደት አለው። ሩብ ዙር እያዞርን እንነዳለን፣ ደግሞ እናዞራለን፣ እርስዎ መድረሻ እስኪያጡ ድረስ። ሐጂ ጡረተኛ ናቸው፤ ጊዜ ሞልቷቸዋል።

ከሰላምታ ጋር
የላዳዋ ባለቤት፣ ጂማ

ግልባጭ፦
ለጎሚስታው፣ ቸርኬዬ እንዳልተጣመመ እንዲያውቅ
ለአክስቴ፣ ማሩ አሁን ሙሉውን እየመጣ ስለሆነ
ለእማዬ፣ ያ በዱሮ ጊዜ የጠፋባት ቀይ የጥፍር ቀለም ስለተገኘ